ፖለቲካ በቪዲዮ ጨዋታዎች

ፖለቲካ በቪዲዮ ጨዋታዎች ማለት በኮምፒዩተር፣ በኮንሶልና በሞባይል ስልክ የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች (በተለምዶ «ጌም» የሚባሉት) ከሥልጣን፣ ከሕግ፣ ከጦርነት፣ ከሀብት ክፍፍልና ከታሪክ አተራረክ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመለከት የጥናትና የክርክር ርዕስ ነው። ዋናው ጥያቄ «ከፖለቲካ ፍጹም ነፃ የሆነ ጨዋታ ሊኖር ይችላል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ በአብዛኛው «ፖለቲካ» በሚለው ቃል ትርጉም ላይ ይመሠረታል። አንድ ጨዋታ የትኛውንም ፓርቲ ሳይደግፍ ሊሠራ ይችላል። ስለ ከተማ፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ መንግሥት የሆነ ጨዋታ ግን ማን እንደሚያሸንፍና በምን እንደሚያሸንፍ ደንብ ማውጣቱ አይቀርም። ምንም ታሪክ የሌለው ጨዋታ እንኳ የተሠራበት፣ የሚሸጥበትና የሚከለከልበት አገር አለው።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ትርጉም

በክርክሩ ውስጥ «ፖለቲካ» የሚለው ቃል ቢያንስ በሦስት ትርጉሞች ይሠራበታል። ብዙ ጊዜ ተከራካሪዎች የማይግባቡት አንዱ በአንዱ ትርጉም፣ ሌላው በሌላው ስለሚናገሩ ነው።

የመጀመሪያው መልእክት ነው። ጨዋታው በታሪኩ፣ በገጸ ባሕርያቱና በንግግራቸው አንድን አቋም ይደግፋል ወይም ይቃወማል።

ሁለተኛው ደንብ ነው። ጨዋታው ምንን ይሸልማል? ምንንስ ይቀጣል? ተጫዋቹ ምን ማድረግ ይፈቀድለታል? እነዚህ ውሳኔዎች አንድም ቃል ሳይነገር ዓለም እንዴት እንደምትሠራ አንድ አመለካከት ያስተላልፋሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪና ጨዋታ ሠሪ ኢያን ቦጎስት በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በደንብና በሂደት የማሳመን ጥበብ አድርጎ ተንትኖታል።

ሦስተኛው ሁኔታ ነው። ጨዋታውን ማን ሠራው? ትርፉ የማን ነው? የትኛው መንግሥት ፈቀደው ወይም ከለከለው?

ከቪዲዮ ጨዋታ በፊት

ጨዋታና ሥልጣን የተገናኙት ከኮምፒዩተር ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። ሰንጠረዥ (ቼዝ) ንጉሥ የተማረከበት ወገን የሚሸነፍበት የጦር ሜዳ አምሳል ነው። በ1824 የፕሩሲያ ሠራዊት መኮንኖቹን ለማሠልጠን «ክሪግስሽፒል» (የጦርነት ጨዋታ) የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ተቀበለ። በ1904 ደግሞ አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ማጊ «የመሬት ባለቤቱ ጨዋታ» ለተባለው ፈጠራዋ ፓተንት አገኘች። ዓላማዋ መሬት በጥቂቶች እጅ ሲከማች ሌላው እንዴት እንደሚደኸይ በማሳየት የምጣኔ ሀብት ጸሐፊውን የሄንሪ ጆርጅን ሐሳብ ማስተማር ነበር። ከዚሁ ጨዋታ የወጣውና በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ያሳተመው «ሞኖፖሊ» ግን ተጫዋቹ ሌሎቹን አክስሮ ብቻውን ሲቀር የሚደሰትበት ሆነ። ከሞላ ጎደል ያው ሰሌዳ አንድ ጊዜ ለተቃውሞ፣ ሌላ ጊዜ ለደስታ ዋለ።

ሆላንዳዊው የታሪክ ምሁር ዮሐን ሆይዚንጋ በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» በተባለ መጽሐፉ ጨዋታ ከዕለት ተዕለት ኑሮ በቦታና በጊዜ ተለይቶ የራሱ ደንብ ያለው ክልል መሆኑን ጽፏል። በኢትዮጵያም በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚነገረው የቆየ አባባል ከዚህ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል። በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ተጋፍቶ ሩሯን ቢነጥቅ ነውር የለበትም። ይሁንና አባባሉ ትርጉም የሚኖረው በሌላው ቀን ጌታና ሎሌ በመኖራቸው ነው። ጨዋታው ማዕረግን ለአንድ ቀን ገለል ያደርጋል እንጂ አያጠፋውም።

በደንብ ውስጥ ያለ አመለካከት

በ1980 አታሪ የተባለው ኩባንያ «ሚሳይል ኮማንድ» የተሰኘውን ጨዋታ አወጣ። የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት በነገሠበት በዚያ ዘመን ተጫዋቹ ስድስት ከተሞችን ከሰማይ ከሚወርዱ ሚሳይሎች ይከላከላል። ጨዋታው ማሸነፊያ የለውም። ጥቃቱ እየበረታ ይሄድና ሁሉም ከተሞች ይወድማሉ። ሠሪው ዴቭ ቶይረር ተጫዋቹ እንዲከላከል ብቻ እንጂ እንዲያጠቃ አልፈቀደም። በጨዋታው ውስጥ ስለ ኑክሌር ጦርነት የሚሰብክ ንግግር የለም። የሚታየው ከእንዲህ ዓይነቱ ጦርነት አሸናፊ እንደማይወጣ ነው።

በ1989 የወጣው የዊል ራይት «ሲምሲቲ» ለዚህ ክርክር በብዛት ከሚጠቀሱት ጨዋታዎች አንዱ ነው። ተጫዋቹ እንደ ከንቲባ ሆኖ መሬት ይሸነሽናል፣ መንገድና መብራት ይዘረጋል፣ ግብር ይጥላል። ግብር ሲበዛ ነዋሪና ነጋዴ ከተማውን ይለቃል። ወንጀል ሲበዛ ፖሊስ ጣቢያ ይሠራና ወንጀሉ ይቀንሳል። መሬቱ የመኖሪያ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ተብሎ ተለይቷል፤ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ቦታ የለውም። ራይት ጨዋታውን ሲሠራ የጄይ ፎሬስተርን «የከተማ ዳይናሚክስ» (1969) ከመነሻ ሐሳቦቹ አንዱ አድርጎታል። ፎሬስተር በኮምፒዩተር ሞዴሉ ተመርኩዞ መንግሥት ለድሆች ቤት መሥራቱ የከተማን ችግር ሊያባብስ ይችላል ወደሚል መደምደሚያ ደርሶ ነበር፤ መደምደሚያውም ብዙ ተቺዎች ገጥመውታል።

«ሲምሲቲ» ማንንም ምረጡ አይልም። ሆኖም ግብርና ነዋሪ፣ ፖሊስና ወንጀል እንዴት እንደሚተሳሰሩ በፕሮግራሙ ውስጥ ተወስኗል፤ ተጫዋቹም ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቀበለዋል። በ2013 በወጣው አዲስ «ሲምሲቲ» ላይ ከዋናዎቹ ንድፍ አውጪዎች አንዱ፣ የመኪና ማቆሚያ ቦታዎችን በእውነተኛ መጠናቸው ቢያስገቡ ከተማው የማያስደስት እንደሚሆን ስለተረዱ ከመሬት በታች እንዳሉ አድርገው መተዋቸውን ተናግሯል። ውሳኔው የተደረገው ለጨዋታው ደስታ እንጂ ለፖለቲካ አልነበረም። ውጤቱ ግን መኪና የሚወስደው መሬት የማይታይበት ከተማ ነው።

ሌሎች ጨዋታዎች ደንብን ሆን ብለው ለመልእክት ይጠቀሙበታል። የኡራጓዩ ተመራማሪ ጎንዛሎ ፍራስካ በ2003 «ሴፕቴምበር 12» የተባለ አጭር ጨዋታ ሠራ። ተጫዋቹ በአንዲት ከተማ ያሉ ሽብርተኞችን በሚሳይል ይመታል፤ ሚሳይሉ ግን ሰላማዊ ሰዎችንም ይገድላል። ለሞቱት የሚያለቅሱት ሰዎች ደግሞ ሽብርተኛ ይሆናሉ። በ2013 የወጣው የሉካስ ፖፕ «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ተጫዋቹን አርስቶትስካ በተባለች ምናባዊ አገር የድንበር ፓስፖርት መርማሪ ያደርገዋል። ደመወዙ በመረመራቸው ሰዎች ብዛት ይሰላል፤ ቤተሰቡም ምግብና ማሞቂያ ይፈልጋል። ስለዚህ ለተጉላላ መንገደኛ መራራት ከልጁ ራት ላይ ይቀነሳል።

ቴትሪስ፦ ታሪክ የሌለው ጨዋታ

ከፖለቲካ ነፃ የሆነ ጨዋታ አለ የሚሉ ሰዎች «ቴትሪስን» በምሳሌነት ያቀርባሉ። በጨዋታው ውስጥ አገር፣ ሰውና ጠላት የለም። ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እያገጣጠሙ መደርደር ብቻ ነው። በመልእክትም ሆነ በደንብ ረገድ የፖለቲካ ይዘት ማግኘት ያስቸግራል።

በሁኔታው ረገድ ግን ታሪኩ የተለየ ነው። «ቴትሪስን» በ1984 የፈጠረው አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በሞስኮ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ተቀጣሪ ነበር። የመሸጥ መብቱን የያዘው ኤሎርግ የተባለው የመንግሥት የንግድ ድርጅት ነው። በ1989 የጃፓኑ ኒንተንዶ ላወጣው «ጌም ቦይ» ለተባለው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ መብቱ ከኤሎርግ ተገዛ፤ ጨዋታውም በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች እጅ ገባ። በአሜሪካ የታተመው አንዱ ቅጂ በቀይ ማሸጊያና በሞስኮው የቅዱስ ባስልዮስ ካቴድራል ሥዕል ተውቦ ነበር፤ «ከብረት መጋረጃው ጀርባ» መምጣቱ ራሱ ማስታወቂያ ሆነለት። ፈጣሪው ከሽያጩ ድርሻ ማግኘት የጀመረው የሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች ከዓመታት በኋላ በ1996 ነው። ስለዚህ በቅርጾቹ ውስጥ ፖለቲካ ባይኖርም የሥራው ዋጋ ለማን እንደሚገባ የወሰነው የመንግሥት ሥርዓት ነበር።

«ፖለቲካዊ አይደለም» የሚለው አቋም

ትልልቅ ኩባንያዎች ጨዋታዎቻቸው ፖለቲካዊ እንዳልሆኑ ደጋግመው ይናገራሉ። አንዱ ምክንያት ገበያ ነው። አንድ ጨዋታ በብዙ አገሮችና ተቃራኒ አቋም ላላቸው ገዢዎች ይሸጣል። በ2019 የወጣው የዩቢሶፍት «ዘ ዲቪዥን 2» መንግሥት በፈረሰባት ዋሽንግተን ዲሲ የሚካሄድ የትጥቅ ትግል ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ ግን ጨዋታው የፖለቲካ መግለጫ እንደማይሰጥ አስቀድሞ በ2018 ተናግሮ ነበር።

ይህ አቋም ከሁሉ በላይ የተፈተነው «ሲክስ ዴይስ ኢን ፋሉጃ» (ስድስት ቀናት በፋሉጃ) በተባለው ጨዋታ ነው። ጨዋታው የአሜሪካ ወታደሮች በ2004 በኢራቋ ፋሉጃ ከተማ ያደረጉትን ውጊያ ያሳያል። በ2009 ይፋ ሲሆን ከሟች ወታደሮች ቤተሰቦችና ከጦርነቱ ተቃዋሚዎች በኩል ቁጣ ተነሣ፤ አሳታሚው ኮናሚም በዚያው ወር ተወው። በ2021 በሌላ አሳታሚ ሲመለስ የኩባንያው ኃላፊ ጦርነቱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ የፖለቲካ አስተያየት መስጠት ዓላማቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ተቺዎች በበኩላቸው ሰላማዊ ሰዎች የሞቱበትንና የአሜሪካ ጦር ነጭ ፎስፈረስ መጠቀሙን ያመነበትን ውጊያ በወታደሩ ዓይን ብቻ ማሳየት ራሱ አቋም ነው አሉ። በአሜሪካ የሚገኝ አንድ የሙስሊሞች መብት ተሟጋች ድርጅትም ጨዋታው በገበያ ላይ እንዳይውል ጠየቀ። በመጋቢት 2021 ኩባንያው ባወጣው መግለጫ በጨዋታው የተሳሉት ክስተቶች ከፖለቲካ ሊነጠሉ እንደማይችሉ አመነ። ጨዋታው ከ2023 ጀምሮ ሳይጠናቀቅ ለሽያጭ ቀርቧል።

«ፖለቲካ ከጨዋታ ይውጣ» የሚለው ጥያቄ ከተጫዋቾችም ይመጣል። በ2014 «ጌመርጌት» በተባለው ንቅናቄ ውስጥ አንዳንዶች የጨዋታ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር እንዲከበር እንጠይቃለን ቢሉም፣ በበርካታ ሴት ጨዋታ ሠሪዎችና ተቺዎች ላይ ዛቻና ማስፈራሪያ ደርሷል። አንዳንዶቹም ቤታቸውን ጥለው ለመሄድ ተገደዋል።

መንግሥታትና ጨዋታዎች

መንግሥታት ጨዋታን ሲያሠሩም ሲቆጣጠሩም ታይተዋል። የአሜሪካ የምድር ጦር በሐምሌ 2002 «አሜሪካስ አርሚ» የተባለ ነፃ ጨዋታ ለምልመላ አወጣ። በጨዋታው ሁለት ቡድኖች ሲዋጉ እያንዳንዱ ወገን ራሱን የአሜሪካ ወታደር፣ ባላጋራውን ደግሞ ጠላት አድርጎ ያያል። ማንም ተጫዋች ራሱን የአሜሪካ ጠላት ሆኖ አያገኘውም። አገልግሎቱ በ2022 ተዘጋ።

በጀርመን የናዚ ምልክቶችን ማሳየት በሕግ የተከለከለ ነው። ፊልሞች በሥነ ጥበብነታቸው ከክልከላው ነፃ ሲሆኑ ጨዋታዎች ግን ለረጅም ጊዜ አልተካተቱም። በ2017 የወጣው «ቮልፈንስታይን 2» የጀርመን ቅጂ ስዋስቲካው ተወግዶለት፣ ሂትለርም ጢሙ ተላጭቶና ስሙ ተቀይሮ ቀረበ። ናዚዎችን መዋጋት ዋና ጉዳዩ የሆነ ጨዋታ ናዚዎችን በስማቸው ሳይጠራ ተሸጠ። በነሐሴ 2018 የአገሪቱ የጨዋታ ደረጃ መዳቢ አካል እያንዳንዱን ጨዋታ ለየብቻ በሥነ ጥበብነቱ ማየት ጀመረ።

በቻይና ከ2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት ጨዋታ መጫወት የሚችሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በሕዝብ በዓላት ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። በጥቅምት 2019 ደግሞ አንድ የሆንግ ኮንግ ተጫዋች «ኸርዝስቶን» ከተባለው ጨዋታ ውድድር በኋላ በቀጥታ ሥርጭት የከተማዋን ተቃውሞ የሚደግፍ መፈክር አሰማ። አዘጋጁ ብሊዛርድ ተጫዋቹን ለአንድ ዓመት አግዶ ሽልማቱን ነጠቀው። ብዙ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ እገዳውን ወደ ስድስት ወር ዝቅ አድርጎ ገንዘቡን መለሰ። ኩባንያው ሥርጭቱ ስለ ጨዋታው ብቻ መሆን አለበት ሲል፣ ተቃዋሚዎቹ ዝም ማሰኘቱ ራሱ ለአንድ ወገን ማገዝ ነው አሉ።

በሌላ በኩል የፖላንድ መንግሥት በ2020 በዋርሶ የተሠራውን «ዚስ ዋር ኦቭ ማይን» የተባለ ጨዋታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአማራጭ የንባብ ዝርዝር ውስጥ እንደሚያስገባ አስታወቀ። ጨዋታው ከሳራዬቮ ከበባ ሐሳብ ወስዶ በጦርነት መካከል ምግብና መድኃኒት የሚፈልጉ ሰላማዊ ሰዎችን ያሳያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2011 በ7 ለ2 ድምፅ ጨዋታዎች እንደ መጽሐፍ፣ ቴአትርና ፊልም ሐሳብ ስለሚያስተላልፉ በንግግር ነፃነት ሕግ እንደሚጠበቁ ወሰነ። በዚህ ክስ ጨዋታ ሐሳብን የመግለጫ መንገድ ነው ብሎ የተከራከረውና የረታው የጨዋታ ኢንዱስትሪው ራሱ ነበር።

ኢትዮጵያ በ«ሲቪላይዜሽን»

ሲድ ማየር በ1991 የጀመረው «ሲቪላይዜሽን» ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከጥንት እስከ ጠፈር ዘመን የሚመራበት ተከታታይ ጨዋታ ነው። በአብዛኞቹ ክፍሎቹ አገሮች በመሪዎች ይወከላሉ። በ2007 በወጣው የ«ሲቪላይዜሽን 4» ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተወከለች። በ2012 በ«ሲቪላይዜሽን 5» ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በሐምሌ 2020 ደግሞ በ«ሲቪላይዜሽን 6» ዳግማዊ ምኒልክ መሪ ሆኑ። በ2025 የወጣው «ሲቪላይዜሽን 7» በበኩሉ አክሱምን በጥንታዊው ዘመን አቅርቧል።

እነዚህ ምርጫዎች ደንብም ይዘው ይመጣሉ። በ«ሲቪላይዜሽን 5» ኢትዮጵያ «የአድዋ መንፈስ» የተባለ ችሎታ አላት። ከእርሷ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ ኃይሏ ይጨምራል። በ1888 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተገኘው የአድዋ ድል በዚህ መንገድ ወደ ጨዋታ ደንብ ተለውጧል። በ«ሲቪላይዜሽን 6» የኢትዮጵያ መለያ ሠራዊት የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው፤ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም መገንባት ይቻላል።

ለአንድ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች አገሩን በስክሪኑ ማየት የሚያኮራ ሊሆን ይችላል። በአገር ውስጥ ግን የእነዚህ ነገሥታት ታሪክ ያልተዘጋ ክርክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለአንዱ የአድዋ መሪ፣ ለሌላው በደቡብ ዘመቻዎች የሚታወሱ ንጉሥ ናቸው፤ የኦሮሞ ፈረሰኞችም በአድዋ ተዋግተዋል፣ በዘመቻዎቹም የተሸነፉ ኦሮሞዎች ነበሩ። የምኒልክ ክፍል በተለቀቀበት ክረምት በኢትዮጵያ በተነሣው ሁከት በሐረር የራስ መኮንን ሐውልት ፈርሷል። ሁለቱ ክስተቶች አይያያዙም። ነገር ግን አንድ የውጭ ኩባንያ ለመዝናኛ ብሎ የመረጠው መሪ በአገሩ ውስጥ የጦፈ የታሪክ ክርክር ማእከል ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ።

ተመሳሳይ ጥያቄ ሌሎችም አንሥተዋል። የአሜሪካ የፑዌብሎ ሕዝቦች ምክር ቤት የሕዝቡ መሪ የነበረው ፖፔ በ«ሲቪላይዜሽን 5» እንዲገባ ባለመፍቀዱ ሠሪው ኩባንያ ዕቅዱን ሰርዟል። በ2018 የካናዳ የክሪ ሕዝብ መሪ የነበረው ፓውንድሜከር በ«ሲቪላይዜሽን 6» ሲገባ በስሙ የሚጠራው ማኅበረሰብ አንድ መሪ ተቃውመዋል። ተቃውሟቸው ጨዋታው የክሪ ሕዝብ እንደ ቅኝ ገዢዎቹ ሌላውን ለመውረር የሚሻ ያስመስለዋል የሚል ነበር። እዚህ ላይ ቅሬታው በገጸ ባሕርዩ አሳሳል ላይ ሳይሆን፣ ማንም ቢገባበት መስፋፋትን የሚሸልመው ደንብ ላይ ነው።

የክርክሩ ዋና ዋና አቋሞች

አንደኛው ወገን ጨዋታ ከፖለቲካ ነፃ ሊሆን ይችላል ይላል። ሰው የሚጫወተው ከሥራና ከጭንቀት ለማረፍ ነው፤ እንደ ቴትሪስና ሰንጠረዥ ያሉ ጨዋታዎችም ተቃራኒ አቋም ያላቸውን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣሉ። ሁሉ ነገር ፖለቲካ ከተባለ ቃሉ ምንም የማይለይ ይሆናል፤ በምልመላ ጨዋታና በቅርጽ መደርደሪያ መካከል ያለው ግልጽ ልዩነትም ይጠፋል የሚለው የዚህ ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ነው።

ሁለተኛው ወገን ምንም ጨዋታ ነፃ አይደለም ይላል። በዚህ አመለካከት «ፖለቲካ የለበትም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ተናጋሪው የለመደውና ስለዚህም የማይታየው ፖለቲካ ነው። ወታደር የሚዋጋበት ጨዋታ ተራ መዝናኛ፣ ያው ጦርነት ከተጎጂው ወገን ሲታይ ግን ፖለቲካ ይባላል።

ሦስተኛው ወገን ጉዳዩን በመጠንና በዓይነት ይለያል። መልእክት የሌለው ጨዋታ መሥራት ይቻላል፤ ብዙም አለ። ማኅበረሰብን የሚያሳይ ጨዋታ ከደንብ አመለካከት ማምለጥ አይችልም፤ ምክንያቱም እውነተኛውን ዓለም ሳያሳጥር ወደ ጨዋታ መለወጥ አይቻልም፣ ምን እንደሚቀርም የሚወስን ሰው አለ። ከሁኔታ ግን ቴትሪስ እንኳ አላመለጠም። ስለዚህ በዚህ አቋም ስለ አንድ ጨዋታ የሚጠየቀው ፖለቲካ ይኑረው አይኑረው ብቻ ሳይሆን፣ በመልእክቱ፣ በደንቡና በሁኔታው ውስጥ የማን ውሳኔ እንዳለ፣ የማን ኑሮ እንደተተወና በደንቡ ማን እንደሚጠቀም ጭምር ነው።